ለሰው አገር ንግሥት የሰጠሁት አቤቱታ

ልጄ የምትኖርባት የእንግሊዝ ገጠር መንደር የምትታወቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የነገሥታቱ የገጠር ቤት እዚያ አለ፣ ንግሥቲቱም ለገና የምትወርደው ወደዚያ ነው። ይህን የሰማ የሰፈሬ ሰው ሁሉ፣ «እንዴት ያለ ቤት ነው? ስንት በር አለው? ገብተሽ አየሽው?» ይለኛል። እኔ ግን ያንን ቤት ሳስብ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። ንዴቱ በቤቱ አይደለም፤ በንግሥቲቱም አይደለም፣ እሷ ምን አደረገችኝ። እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ ከደጄ ሩብ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ባለ ቢሮ ውስጥ በተቀመጡት በገዛ አገሬ ሰዎች ነው። «አንቺ ለስላሳ ነሽ፣ ቂም አታውቂም» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ቂም አላውቅም። ንዴት ግን ሌላ ነው፤ ንዴቴን ይዤው እዞራለሁ።

እዞራለሁ ያልኩት የአፍ ወግ አይደለም። እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም። የአንዱን ለቅሶ፣ የአንዷን አራስ ጥየቃ፣ የአንዱን ጸበል እያልኩ ከሳሪስ እስከ ቂሊንጦ ያልረገጥኩት የለም። ያልረገጥኩት ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ፣ ሽማግሌውም ኮረዳዋም አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ነው። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር። እንግዲህ የሚያታልለኝ ሰው ቢመጣ በወረቀት አያታልለኝም ብዬ አምን ነበር።

ቤቱን የሠራው ባለቤቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። የባቡር ሠራተኛ ነበር። ቦታውን የመራን የዚያን ጊዜው ቀበሌ ነው። ማገሩን እኔ እያቀበልኩት እሱ መታው፣ ጭቃውን ከጎረቤት ጋር ረገጥነው፣ ቆርቆሮውን ጥቂት በጥቂት እያመጣን አለበስነው። ልጆቼን ሁሉ እዚያ ወልጃለሁ፤ እሱንም ከዚያው ቤት አውጥቼ ነው የቀበርኩት። በጓሮ በኩል የተከላት ዋንዛ አድጋ አድጋ ቅርንጫፏን ጣሪያው ላይ አልብሳው ነበር። ግድግዳ የምትጋራኝ ባሏ የሞተባት የስልጤ ሴት ናት፤ በመንገዱ በኩል ትንሽ ሱቅ አላት። ስኳር ሲያልቅብኝ በመስኮት ታቀብለኛለች። በአረፋ እኔ እሷ ቤት ነኝ፣ በፋሲካ እሷ እኔ ቤት ናት።

አንድ ቀን ጠዋት ቀይ ቀለም የያዙ ሁለት ሰዎች መጡና በእኔ ግድግዳ፣ በሱቁም፣ በመስመሩ ባለው ቤት ሁሉ ላይ ኤክስ አደረጉበት። እንዴት አደራችሁ እንኳ አላሉም። «ምንድን ነው ልጆቼ?» ስላቸው አንዱ ቀለሙን ደጃፌ ላይ እያንጠባጠበ፣ «ልማት ነው፣ እማማ» አለኝ።

ወደ ፋብሪካዎቹ የሚሄድ ሰፊ መንገድ ሊወጣ ነው። እሺ፣ ይውጣ፤ መንገድ የሚጠላ ሰው የለም፣ እኔ ደግሞ መንገደኛ ነኝ። ስብሰባ ጠርተው የነገሩን እንዲህ ነው፦ ፋይል ያለው ሰው ምትክ ቦታ ያገኛል። ፋይል የሌለው ሕገ ወጥ ነው፤ ዕቃውን ጠቅልሎ ይነሣል። እኔ ፋይል አለኝ። ግብር የከፈልኩበት ደረሰኝ ሁሉ በነጠላ ቁራጭ ታስሮ ሣጥን ውስጥ አለ። እየሳቅሁ ሄድኩ።

እየሳቅሁ አልተመለስኩም። የመዝገብ ቤቷ ሴት ወደ ውስጥ ገብታ ወጣችና ዓይኔን ሳታይ፣ «ፋይልዎ የለም» አለችኝ። ኃላፊው ጋ ገባሁ። የመጨረሻ ልጄ እኩያ የሚሆን፣ ክራባት ያሰረ ሰው ነው። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ፣

«በአየር ፎቶውም ቤትዎ አይታይም፣ እማማ» አለኝ።

«የምን የአየር ፎቶ?»

«ከላይ፣ በአውሮፕላን የተነሣ። ይኸው፣ ዛፍ ነው ያለው።»

«ከዛፉ ሥር ነዋ ቤቱ!»

«እኔ የማየው ዛፍ ነው።»

«ልጄ፣ ተነሥና በእግራችን እንሂድ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በሩን ከፍቼ አስገባሃለሁ፣ ግድግዳውን በእጅህ ትነካዋለህ።»

ሳቀ። «እኛ የምንሠራው በመረጃ ነው» አለኝ።

ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፤ ኃላፊው ሥልጠና ላይ ነው፤ ኃላፊው አሁን ወጣ፣ ይኸው ኮቱ ወንበሩ ላይ ነው። ኮቱን ከሰውዬው ይልቅ ለመድኩት። ከቢሮው ደጅ ዣንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጻፊ ሽማግሌ አሉ፤ ነገሬን ሰምተው ጥሩ አድርገው ጻፉልኝ። ይዤ ስገባ የመዝገብ ቤቷ ሴት፣ «ማመልከቻ የሚገባው ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ነው» አለችኝ። «እንዴ፣ የማመለክተው ፋይሌ ጠፋ ብዬ አይደለም?» አልኳት። «እሱን እኔ አላውቅም፣ እማማ። የማያይዝበት ነገር የለኝም።» አያችሁ፤ ስለጠፋው ፋይል ለማመልከት የጠፋው ፋይል ያስፈልገኛል።

ኮሪደሩ ላይ መልካም አስተዳደርን እናሰፍናለን የሚል ጨርቅ ተወጥሯል፤ ከሥሩ የአስተያየት መስጫ ሣጥን አለ። ማመልከቻዬን እዚያ ከተትኩት። በወሩ ስመለስ ጫፉ በቀዳዳው እንደወጣ ነው። ሣጥኑ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ቁልፉ ዝጓል። ያን ቀን እዚያው ቆሜ በንዴት አለቀስኩ። አንዲት ሴትዮ ያዘንኩ መስሏት፣ «አይዞዎት፣ እግዜር ያውቃል» አለችኝ። እግዜርማ ያውቃል፤ እነዚህስ መቼ ነው የሚያውቁት?

ጎረቤቴንም ስልጤዋን ፋይልሽ የለም አሏት። የእሷን ቤት ዛፍ አልሸፈነውም፤ ለእሷ ደግሞ ሌላ ምክንያት ፈለጉላት። በሰልፉ ላይ ከእኔ ኋላ ትቆምና፣ «እትዬ፣ እኛ ራሳችንስ አለን ይሆን? በፎቶው ፈልገው ያጡን እንደሆነስ?» እያለች ታስቀኝ ነበር።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው እንግሊዝ ያለችው ልጄ ነፍሰ ጡር ሆና የጠራችኝ። እዚያች መንደር አጠገብ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ቤቱን ለማን ትቼ ብዬ አመነታሁ። ጎረቤቴ ናት፣ «ይሂዱ እትዬ! በሩን እኔ አያለሁ። ዶዘር ቢመጣ ፊቱ ነው የምተኛው፣ ወላሂ» ብላ ያስወጣችኝ። ከማመልከቻው አንድ ቅጂ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንደያዝኩት እንጃ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእጄ ተለይቶ ስለማያውቅ ይሆናል።

መንደሪቱ ትንሽ ናት። ቤቶቹ የዳቦ ቅርፊት በሚመስል ቡናማ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ አጥራቸው ከጉልበት አያልፍም። ዙሪያዋን ጥድ ነው፤ በጥዱ መካከል የእግር መንገድ አለ። ልጄ ከተገላገለች በኋላ ሕፃኗን አዝዬ እዞር ነበር። ጅራቱ የረዘመ፣ ላባው እንደ ነሐስ የሚያብለጨልጭ የቆቅ ዘመድ የመሰለ ወፍ ከፊቴ ፊቴ ይሮጣል። ለአደን ነው አሉኝ የሚረባው። የንግሥቲቱ ቤት ራሱ በዛፍና በግንብ ተጋርዶ አልፎ አልፎ ጭስ ማውጫው ብቻ ነው የሚታየው።

«ይኼ ሁሉ የማን ነው?» አልኳት ልጄን።

«የእነሱ ነው፣ እማዬ። ጫካውም፣ ማሳውም።»

«ቤቶቹስ?»

«አብዛኞቹ የእነሱ ናቸው። ሰዎቹ ተከራይ ናቸው።»

ከልጄ ቤት ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በንግሥቲቱ ርስት አትክልተኛ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ቋንቋ ለቋንቋ አንተዋወቅም፤ በጭንቅላት እጅ እንነሣሣለን፣ ከጓሯቸው ካሮት ያቀብሉኛል፣ ለሕፃኗ ፊታቸውን ያጣምሙላታል። አንድ ቀን ልጄን፣ «እስቲ ጠይቂልኝ፤ ንግሥቲቱ እዚህ ላይ መንገድ ላውጣ ብትል ቤትዎን ምን ያደርጉታል?» አልኳት። አፈረች፤ ግን ጠየቀችልኝ። ሽማግሌው ጥያቄው አልገባቸውም። ደግማ ነገረቻቸው። አሰብ አድርገው፣ «ደብዳቤ ይጽፉልኛል፤ እኔም እመልስላቸዋለሁ፤ እነሱም ይመልሱልኛል፤ እንዲህ እንዳለን እኔ እሞታለሁ» አሉና ሳቁ። ልጄም ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ገብቼ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ተከራይ ናቸው! ከዚያ ቤት አንዲት ድንጋይ የእሳቸው አይደለችም! እሳቸው ከንጉሥ ቤት ተከራይተው ደብዳቤ ይጻፍልኛል ብለው በሰላም ያረጃሉ፤ እኔ ጭቃውን በእግሬ የረገጥኩት ሕገ ወጥ ነኝ። ንጉሥ ይውረድ ተብሎ ወረደ። ደርግ ይውደቅ ተብሎ ወደቀ። የሕዝብ መንግሥት መጣ ተባለ። እኔ ደጃፍ የደረሰው ግን ቀይ ቀለም ነው። እዚያ አገር የተበደለ የለም አልልም፤ ልጄን እንኳ በመጦሪያው ስሟን መጥራት ሰልችቷቸው ባወጡላት ቁራጭ ስም ነው የሚጠሯት፤ እሱም ያናድደኛል። ግን በሰው አገር የሚያናድደኝና በቤቴ የሚያናድደኝ እኩል አይደለም።

የፈረንጆቹ ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ጎረቤቴ ስልክ ደወለች። ድምጿ ሌላ ሆኗል።

«እትዬ፣ ወረቀት ለጠፉብን።»

«ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

«ሕገ ወጥ ይዞታ ይላል። እስከ የካቲት መጨረሻ ካልለቀቅን ያፈርሱታል። ምትክ የለም። እትዬ፣ እኔ ልጆቼን የት ነው የምወስዳቸው?»

ስልኩ ተቋረጠ። ሕገ ወጥ። ባለቤቴ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ከሥራው ቀርቶ የማያውቅ ሰው፣ ግብሩን አንድ ዓመት ያላሳለፈ ሰው፣ ከሞተ በኋላ በገዛ በሩ ላይ ሕገ ወጥ ተብሎ ተለጠፈበት።

በልጅነቴ እናቴ እጄን ይዛ ደብረ ዘይት መንገድ ዳር አቁማኛለች። ንጉሡ ወደ ቢሾፍቱ ቤታቸው ለዕረፍት ሲወርዱ መኪናቸው በእኛ በኩል ነበር የሚያልፈው። የተበደለ ሰው ዳር ዳሩን ይቆማል፤ መኪናው ሲቀርብ ወረቀቱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ያነሣና «አቤት! አቤት!» ይላል። አጃቢ ወርዶ ይሰበስባል። የእናቴ ወረቀት ተወሰደ፤ መልስ ግን አልመጣም። ይህን አልረሳሁም፤ ነገሥታት ደጎች ናቸው ብዬም አይደለም። ግን ወረቀቷን ሰው እጁን ዘርግቶ ተቀብሏታል። ለእኔ በሁለት ዓመት እጁን የዘረጋ የለም። ልቤ ያለው ይህንን ነው፤ አንድ ሰው ይቀበለኝ። የትም ይሁን፣ ማንም ይሁን።

ለልጄ አልነገርኳትም። ከመብራት ሂሳብ ፖስታዋ ላይ አድራሻዋን እንደ ሥዕል አስመስዬ በማመልከቻው ጀርባ ገለበጥኩት። የእነሱ ገና ለእኔ ጾም ነው፤ ሳልበላ፣ ጋቢዬን ከካፖርቱ ሥር ለብሼ ወጣሁ። መንደርተኛው ሁሉ ንግሥቲቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ለማየት ይወጣል፤ ልጄም እንዳይቀርብኝ ብላ ነው የወሰደችኝ። አበባ ገዝታ አስያዘችኝ። ከገመድ ኋላ ቆምን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሰዉ ይስቃል፣ ፎቶ ያነሣል።

መጡ። ከፊት ንግሥቲቱ፣ ከኋላ ዘመዶቿ። ሲቃረቡ አበባውን ከማመልከቻው ጋር በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አነሣሁና በጉልበቴ ተንበረከክሁ።

«አቤት! አቤት! ስለ እግዚአብሔር፣ ቤቴን!»

የወደቅሁ መስሏቸው ሁለት ፖሊሶች ሮጠው መጥተው በብብቴ ገብተው አነሡኝ። አንዷ ውሃ ታመጣለች፣ አንዱ ወንበር ይላል። እኔ ወረቀቱን አላወረድኩም። ልጄ፣ «እማዬ! እማዬ ምን ሆነሽ ነው!» ትላለች። ንግሥቲቱ አለፈች፤ ዞር ብላ ያየችኝ መሰለኝ፣ ልጄ ግን አላየችሽም ትለኛለች። ከኋላ አበባ የምትሰበስብ ጠና ያለች ሴት ነበረች። ወደ እኔ መጥታ እጇን ዘረጋች። አበባውን ወሰደች፤ ወረቀቱን አየች፣ ገለበጠችው፣ አድራሻውን አየች። ከዚያ አበባውን ከአበባ ጋር አድርጋ፣ ወረቀቱን ለብቻ አጥፋ በእጅ ቦርሳዋ ከተተችው። እጄን በጓንቷ ነካ አድርጋኝ ሄደች።

ልጄ እጄን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ። በሩን እንደዘጋች ፈነዳች።

«አዋረድሽኝ! ሰው ሁሉ እያየ! ነገ ሥራ ቦታ ምን ልበላቸው?»

«እናቴ ቤቷን ሊያፈርሱባት ነው በያቸው።»

«የአቃቂን ቤት የእንግሊዝ ንግሥት ምን ታደርገዋለች? አብደሻል?»

«ምንም አታደርገውም፤ መች አጣሁት? አንቺ የተወለድሽበት ቤት ሕገ ወጥ ተብሏል፤ ለማን ልንገር? ለማን ልንገር ልጄ? ሣጥኑ ሞልቷል!»

ስለ የትኛው ሣጥን እንደማወራ አልገባትም። አለቀሰች፤ ሕፃኗም አለቀሰች። ሁለት ቀን ተኮራረፍን።

በወሩ ገደማ ወፍራም ፖስታ መጣ፣ በስሜ፤ ከላዩ ማኅተም አለበት። ልጄ ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ተቀምጣ ደግማ አነበበችው። ማመልከቻዬ ደርሷቸዋል። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ፈልገው አስተርጉመውታል። ንግሥቲቱ በሌላ አገር መንግሥት ጉዳይ መግባት አትችልም። ነገሩ በሚመለከታቸው ሰዎች ዘንድ በመልካም እንዲያልቅ ይመኙልኛል። ይኸው ነው።

«አልኩሽ አይደል፤ አንችልም ነው የሚሉት» አለችኝ ልጄ፤ አሁን ድምጿ ለስልሷል።

እኔ ግን የሰማሁት ሌላውን ነው። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ፈልገው! ፊደሉን የማያውቁት ሰዎች አንባቢ ፈለጉለት። ፊደሉን ከእናታቸው ጋር የቆጠሩት፣ ክራባት ያሰሩት፣ በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈውን አናይም አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ምናልባት ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል የሚል ጥቂት ይቅርታ ነበረኝ። ያን ቀን አለቀ። ልጄን ትኬቴን አስቆርጪልኝ አልኳት።

የካቲት ሲጋመስ ገባሁ። በማግስቱ ከጎረቤቴ ጋር ቢሮ ሄድን። ደብዳቤውን ላሳይ ብዬ አልነበረም፤ ምን ብዬ አሳያለሁ፣ አንችልም የሚል ወረቀት? ከደረሰኞቹ ጋር አብሬ ቋጥሬው ነበር። ኃላፊው በአጋጣሚ ከኮቱ ጋር አብሮ ተገኘ። ደረሰኞቹን ስፈታ ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ማኅተሙን አየ። ወደ እኔ አየ። አንሥቶ የመጀመሪያውን መስመር አነበበና ከወንበሩ ተነሣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቆሞ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ አጭር ሰው ነው ለካ።

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ! ከንግሥቲቱ ጋር... ለምን ቀድመው አልነገሩንም?»

ወንበር መጣ። ለስላሳ መጣ። የመዝገብ ቤቷ ሴት ተጠራች። ጠርሙሱን ሳልከፍተው፣ ልንገራችሁ፣ ሳልከፍተው፣ ፋይሌ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አቧራ እንኳ አልነበረበትም።

«የአየር ፎቶውስ?» አልኩት።

«እሱ ይስተካከላል፣ እማማ። ዛፍ ስለነበር ነው።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እማማ፣ እዚያ ሰው ካለዎት... ታናሽ ወንድሜ ጥሩ ተማሪ ነው፤ ለቪዛ የሚጽፉለት ቢሆን...» አለኝ።

ጎረቤቴ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ለእሷ ወንበር አልመጣም።

«የእሷስ?» አልኩት።

«የእሷ ጉዳይ ሌላ ነው።»

«እንዴት ነው ሌላ የሚሆነው? ግድግዳችን አንድ ነው።»

ፈገግ አለ። «እሷም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ካላት ታምጣ።»

እኔ ሰው ሰድቤ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ደሜ ወደ ላይ ወጣ። ፋይሌ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ገና አልፈረመበትም። ጎረቤቴ ገብቷታል፤ በዓይኗ «ይተዉት፣ እትዬ፣ የራስዎን ይያዙ» ትለኛለች። መያዝ ነበረብኝ መሰለኝ፤ ብልጥ ሰው ይይዝ ነበር። እኔ ግን በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ኮሪደሩ እንደ ወትሮው በሰልፈኛ ሞልቷል።

«አንብበው!» አልኩት። «ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብበው! ምን እንደሚል ታውቃለህ? አንችልም ነው የሚለው! የማንችለው ነገር ነው ብለው ነው የጻፉልኝ! ለአንችልም ነው ወንበር ያመጣህልኝ! ለማኅተም ነው የተነሣኸው! እኔ በአማርኛ ሁለት ዓመት ስለምንህ ተቀምጠህ ዛፍ ነው የማየው አልከኝ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እማማ፣ ይረጋጉ...» አለና እጁን ወደ ፋይሌ ሰደደ። ሊዘጋው ነው፤ አወቅሁት። ሁለት መዳፌን አስቀመጥኩበት። ከሰልፉ መካከል አንዱ ሳቀ። ሌላው፣ «የእኔም ጠፍቷል ተብያለሁ! ከየት ነው ያወጣችሁላት?» አለ። «ከእነማን ጋር ተኝቶ ነው የተገኘው?» አለች አንዷ። ኮሪደሩ ወደ በሩ ገፋ።

ይህን ጊዜ ነው ያቺ የመዝገብ ቤቷ ሴት፣ ሁለት ዓመት ዓይኔን አይታ የማታውቀዋ፣ ከኃላፊው ጎን ሆና፣ «ፋይሎቹ አልጠፉም» ያለችው። «ለይታችሁ አስቀምጡ ተብለን ነው። የመስመሩ ሁሉ አንድ ላይ ነው ያለው።» ሄዳ አቅፋ አመጣቻቸው። የስልጤዋ ከእኔው ሥር የነበረው ነው። ሁለት ዓመት ተደራርበን ተኝተን ኖረናል።

የማን መሬት ለማን ሊሰጥ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ የነገረኝም የለም። ኃላፊው ያን ቀን ሰው ፊት ፈረመ፤ ስላመነ አይደለም፣ በሩ በሰው ስለተዘጋበት ነው። ለእኔና ለጎረቤቴ ወደ ቱሉ ዲምቱ በኩል ቦታ ተመራልን፤ ከቀድሞው ያንሳል፣ ውሃ ራቅ ይላል፣ ግን ካርታ አለው። ቤቶቹ በሚያዝያ ፈረሱ። ሲያፈርሱ ለማየት አልሄድኩም።

ከዚያ ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? አዳራሽ ጠሩን። ካሜራ አለ፣ ጨርቅ ተወጥሯል፣ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ያው ኃላፊ መድረክ ላይ ተቀምጧል። መድረክ መሪው፣ «አሁን ደግሞ ምትክ ቦታ ያገኙ እናታችን ስለ ተሰጣቸው አገልግሎት ምስጋናቸውን ያቀርባሉ» ብሎ ማይክራፎኑን አስያዘኝ። ጎረቤቴ ቀሚሴን ከኋላ ትጎትታለች። «እትዬ፣ በአላህ፣ አሁንስ ይበቃል።»

«ምስጋና የለኝም» አልኩ። «የራሴን ነው የሰጣችሁኝ፤ እሱንም አሳንሳችሁ። ቤቴን ሕገ ወጥ ያለው ወረቀት በየትኛው እጅ እንደተጻፈ ያ ሰው ተነሥቶ ይንገረኝና ያን ጊዜ እናገራለሁ። ባለቤቴን ይቅርታ ጠይቁልኝ። ሞቷል፤ ቢሆንም ጠይቁት።»

ጭብጨባ አልነበረም። መድረክ መሪው፣ «እናመሰግናለን እማማ፣ ጊዜ ስለሌለን...» እያለ ማይኩን ከእጄ ተቀበለና በፊተኛው ረድፍ ላሉት፣ ቆብ ላደረጉ አንድ ሽማግሌ ሰጣቸው። እሳቸው የተመረጡት ደህና ይናገራሉ ተብሎ ነበር መሰለኝ። ተነሥተው ቆባቸውን አወለቁ፤ ማይኩን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ መድረኩን ቀና ብለው አይተው፣ «እኔ ደግሞ ፋይሌ የት ነው?» አሉ።